ጨጓራ ብዬ የተረጎምኩት ልብ

እናቴ መጀመሪያ ያቃታት መዘመር ነው። በደሳ አጠገብ ባለው ሰፈራችን፣ ጸሎት ቤት ውስጥ ከእናቶች መዘምራን ጋር ትዘምር ነበር። ድምፅዋ ወፍራም ስለሆነ መዝሙሩን የምታስጀምረው እሷ ነበረች። አንድ እሑድ ስንኙን ሳትጨርስ አቆመች። ሌሎቹ ተቀብለው ቀጠሉ፤ እሷ አፏን ብቻ እያንቀሳቀሰች ቆመች። ከሶዶ መጥቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለነበር አይቻታለሁ። ስንወጣ ጠየቅኳት። «ጉንፋን ነው» አለች። እኔም ጉንፋን ነው ብዬ ተውኩት።

ያኔ ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ ጤና ረዳትነት እሠለጥን ነበር። ነጭ ጋውን ለብሼ፣ ስቴቶስኮፕ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ የተነሳሁትን ፎቶ በፍሬም አሠርታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ሳይቀመጥ በፊት እሱን ያያል። እኔ እሷን አዬ ነው የምላት፤ በወላይትኛ እናቱን የሚጠራ ሰው እንዲያ ነው የሚለው። በአማርኛ ስጽፍ እንኳ ሌላ ስም አይመጣልኝም።

ከዚያ እሑድ በኋላ ገበያ ስትሄድ ዳገቱ ላይ ሸክሟን አውርዳ ማረፍ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ጎርሳ ጠገብኩ ትላለች። ሁለት ወር ያህል ቆይታ ደግሞ ሕመም እንዳለባት በስልክ ነገረችኝ። የነገረችኝ ቃል «ዎዘና» ነው። በወላይትኛ ልብ ማለት ነው። ዎዘናዬን ያመኛል አለችኝ።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ፤ ጥፋቴ ያለው እዚህ ነው።

ኮሌጅ ከተማርናቸው ነገሮች አንዱ የሕመምተኛን ታሪክ መቀበል ነው። ቀልድ የሚወድ አንድ መምህራችን፣ «የገጠር ሰው ልቤን አመመኝ ሲላችሁ ልቡ እንዳይመስላችሁ፤ ጨጓራውን ነው» አለን። ሳቅንና ደብተራችን ላይ ጻፍነው። እውነትም ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው፤ ሰው ልቤን እያለ እጁን ከደረቱ በታች ያሳርፋል። ለልምምድ በወጣሁበት ጤና ጣቢያ ወላይትኛ ለማይችሉ ሐኪሞች ስተረጉም ይህቺን እውቀቴን እጠቀምባት ነበር። ጎበዝ ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ቀስ በቀስ የሀገሬን ሰው ቋንቋ ከራሱ ይልቅ እኔ የማውቀው መሰለኝ።

አዬን ሶዶ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከሌላ አካባቢ የመጣ። አዬ ለገበያ የሚሆን አማርኛ አላት፤ የት ጋ እንደሚያማት ሲጠይቃት ራሷ ለመመለስ ሞከረች። «ዶክተር፣ ልብ ነው ያመመው» አለችና ቃል ሲያጥራት አፍራ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄ ልጄ ተምሯል። እሱ ይንገርህ።» በእሷ አማርኛ ሴቱም ወንዱም እሱ ነው። ከዚያ በወላይትኛ ለእኔ በሰፊው ነገረችኝ። ዳገት ስወጣ ይይዘኛል፣ ጋደም ስል ይይዘኛል፣ ዎዘናዬ ነው አለች።

ያን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቋጨሁት። «ጨጓራዋን ነው ያመማት» አልኩ።

ሐኪሙ ሲበሉ ይብስ እንደሆነ ጠየቀ። አዎ አልኩ። ሆዷን ከጎድን አጥንቷ በታች ሲጫናት ፊቷ ተኮማተረ። «ጋስትራይተስ ነው» አለ። ኦሜፕራዞል የሚባል የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላት። ጠዋት ጠዋት ምግብ ከመቅመሷ ግማሽ ሰዓት በፊት እንድትውጠው እኔው አስረዳኋት፤ ልክ እንደ ሐኪም ጣቴን እየቀሰርኩ። ዘመናዊ ልጅ አይደለሁ?

ስድስት ሳምንት አለፈ። በሁለት በሦስት ቀን እደውላለሁ። «ቀለለሽ?» «ቀሎኛል።» በስልክ ስታወራ ትንፋሿ እንደሚቆራረጥ እሰማ ነበር። ኔትወርክ ነው እል ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቦጋለች ደወለች። ጎረቤታችን ናት፤ ከእናቴ ጋር አብረው ነው ወልደው ያሳደጉት። «ነይ» አለችኝ። ያኔውኑ መኪና ያዝኩ።

አዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጀርባዋን የበቆሎ ጆንያ አስደግፈዋታል። ከንፈሯ ጠቁሯል። እግሯ አብጧል። በጣቴ ተጫንኩት። ጉድጓዱ ቀረ። ፒቲንግ ኢዲማ ይባላል። ስሙን አውቀዋለሁ። ያንን ስም ያን ጊዜ ጠላሁት።

ሚኒባስ ለምነን ሶዶ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሟ ሴት ነበረች። ኦክስጅን አስደረገችላትና አንገቷን አየች፣ ረጅም ሰዓት ደረቷን አዳመጠች። ከዚያ እኔን ጠየቀችኝ። «ስንት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው?»

መልሱን አላውቅም። ጥያቄውን ግን አውቀዋለሁ። ሲጋደሙ ትንፋሽ ማጠር ኦርቶፕኒያ ይባላል፤ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

የልብ አልትራሳውንድ ተነሳች። በሽታው ማይትራል ስቴኖሲስ ነው፤ ከልብ በሮች አንዱ ጠቦባታል። ምናልባት በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ፣ ሳይታከም ቀርቶ የተረፈ ጠባሳ ነው ተባልን። ክሊኒክ ውስጥ ሲጫኑት ያመማትም ጨጓራዋ አልነበረም፤ ልቧ ደሙን መግፋት ሲያቅተው ጉበቷ አብጦ ነው። ኮሪደር ላይ ሐኪሟን ተከትዬ ያደረግኩትን ነገርኳትና ቀደም ብለን ብንመጣ ኖሮ ብዬ ጠየቅኳት። ቆም አለች። «ቫልቩ የጠበበው በብዙ ዓመት ነው። አንቺ አላጠበብሽውም። ስድስቱ ሳምንት ግን ጎድቷታል። ልዋሽሽ አልፈልግም።» እስከ ዛሬ የማመሰግናት ስለዚህ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ያጽናናኝ ነበር።

ላሲክስ የሚባለው መድኃኒት የቋጠረችውን ውኃ ሲያወጣላት ፊቷ እንደ ድሮው ሆነ፣ ጫማዋ ገባላት፣ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ከአንዱ የዋርድ ጫፍ እስከ ሌላው እየተራመደች አጠገቧ ያሉትን በሽተኞች ከየት መጣችሁ፣ የማን ልጅ ናችሁ እያለች ዘመድ ታጠያይቅ ጀመር። ቤት ከገባን በኋላ ትምህርቴን አቋርጬ አብሬያት ሦስት ወር ተቀመጥኩ፤ መድኃኒቷን በሰዓቱ እሰጣታለሁ፣ ጠዋት ጠዋት እመዝናታለሁ፣ ያለ ጨው የቀቀልኩትን ቦይና የምንለውን ጎደሬና ጨው ያልነካው የቃሪያ ዳጣ አቀርብላታለሁ፣ እሷም ዳጣውን ቀምሳ «ይሄን ለሚጠላኝ ሰውም አልሰጥ» ትለኛለች። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ተመዝግባ ወረፋ እንጠብቅ ነበር። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ጥፋቴን ነገርኳት። ልቤን ስትዪኝ ጨጓራ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳት። «ጨጓራዬንም ያመኝ ነበር» አለች፤ ፊቷን እንኳ ወደ እኔ ሳታዞር።

ወረፋው አልደረሰም። እንደገና ውኃ ቋጠረች። ሆስፒታል ሦስት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ጠዋት እጇን ይዤ ነበር። ምት ፈለግኩ። አጣሁት። ቦታ ቀይሬ ፈለግኩ። ሐኪሟ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ከአርባ ቀን በኋላ ኮሌጅ ተመለስኩ፤ አሁን ተመርቄ በሥራ ላይ ነኝ። ልተወው ፈልጌ ነበር። ሐኪሟ ናት «ይህን ስህተት የማትደግም ጤና ረዳት ያስፈልገናል» ብላ የመለሰችኝ።

የታመመ ቤተሰብ ይዛችሁ ይህን ለምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ በሁለት ቋንቋ መሐል ለምትቆሙ፣ አደራ የምላችሁ አለኝ። የተነገራችሁን ቃል እንዳለ አድርሱ፤ የበሽታውን ስም ለሐኪሙ ተዉለት። ሕመምተኛው እጁን የሚያመው ቦታ ላይ ያሳርፍ። ዳገት ስለመውጣቱ፣ ስለሚተኛበት ትራስ፣ ስለጠበበው ጫማ ጠይቁ። ቀለለኝ ሲላችሁም ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩት፤ ካልቻላችሁ ልጁ ያልሆነ ሰው ይጠይቀው።

ይህን የመጨረሻውን የተማርኩት ከቦጋለች ነው። ለቅሶው ሊያበቃ ሲል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ያ ኦሜፕራዞል አንድ ቀን እንኳ አላሻላትም አለችኝ። በስድስቱም ሳምንት ቁጭ ብላ ነው ያደረችው። ለልጅሽ ንገሪያት እያልኩ ስለምናት እምቢ አለችኝ አለች። «መድኃኒቱ አልሠራም ካልኳት ትምህርቱ አልገባኝም ብላ ታዝናለች። ፈተናዋን ትጨርስ» ብላት ነበር።

አዬን ስለ ሁሉ ነገር አመሰግናታለሁ። ስለ ወለደችኝ፣ ስላስተማረችኝ፣ በረንዳ ላይ ፊቷን ሳታዞር ስለማረችኝ። በዚህ ነገር ግን እስካሁን አኩርፌያታለሁ።