መጋዘን ብዬ የመዘገብኳት ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ቤዛ አዲስ የገባችበትን ቤት ላሳይሽ ብላ ጠራችኝ። ቤቱ ከእህል በረንዳ ጀርባ ከተሠሩት ፎቆች በአንዱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም ነበርና እያረፍን በደረጃ ወጣን። ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። መስኮቱን ከፍታ፣ «አክስቴ፣ ነይ እዪ፣ መርካቶ ሙሉውን ይታያል» አለችኝ።

አጠገቧ ቆሜ ወደ ታች ተመለከትኩ፤ ዓይኔ ግን የድሮውን ሰፈር ነበር የሚፈልገው። የውኃ ቦኖው እዚያ ጥግ ከነበረ የጎረቤታችን የጋሽ ሱሩር በር እዚህ ጋ ይሆናል፤ ከቤታቸው ጀርባ የነበረችው ክፍል ደግሞ ልክ ከእኛ ሥር። ከመስኮቱ ዞር ብዬ ተቀመጥኩ። ቤዛ ደረጃው ያደከመኝ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

ሰፈራችን ሊፈርስና ፎቅ ሊሠራበት ነው የተባለው ኮሌጅ ጨርሼ ያለ ሥራ በተቀመጥኩበት ክረምት ነው። ቤት የሚለኩና ነዋሪ የሚመዘግቡ የሰፈር ወጣቶች ሲፈለጉ ስሜን ያስያዙልኝ ጋሽ ሱሩር ነበሩ። እህል በረንዳ ባቄላና ሽምብራ በጅምላ የሚነግዱ የስልጤ ሰው ናቸው። አባቴ ሲሞት ድንኳን አስተክለው ሦስት ቀን ከበራችን አልጠፉም። ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ አልነበሩም።

ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል እትዬ ዘይነባ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ከወሎ መጥተው፣ የተቀደደ ጆንያ በሲባጎ እየሰፉ ዕድሜያቸውን እህል በረንዳ የጨረሱ ሴት ናቸው። ልብሳቸው ሁልጊዜ የጥራጥሬ ብናኝ ይሸታል። ልጆች ሳለን ዝናብ ሲይዘን የምንጠለለው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ከአልጋው ሥር ቆሎ አውጥተው በእፍኛችን ያፈሱልናል። ያለ ምንም ወረቀት በሰው ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ደባል ነበሩ። ደባልም ቢሆን ታዲያ በዚያ ምዝገባ ስሙ ከገባ ምትክ ቤት ያገኛል፤ ካልገባ የለም።

የጋሽ ሱሩርን ቤት የለካነው ነሐሴ ውስጥ ነው። ጭቃው ጫማ ይነቅላል። እትዬ ዘይነባ ወንድማቸው ሞቶ ለለቅሶ ወሎ ወርደው ነበር። ቀያሹ ዋናውን ቤት ለክቶ ወደሚቀጥለው ግቢ አለፈ፤ እኔ ቅጹን ልሞላ ወደኋላ ቀረሁ።

«ይቺ መጋዘን ናት» አሉኝ ጋሽ ሱሩር፣ የኋለኛዋን በር እያሳዩኝ።

«እትዬ ዘይነባስ ጋሼ?»

«ዘይነባ ከእንግዲህ የምትመለስ አይመስለኝም። የወንድሟ መሬት አለላት። እኔ ደግሞ ስድስት ልጅ ነው ያለኝ፤ ክፍሏ ከእኔ ጋር ብትቆጠር ሰፋ ያለ ቤት ይደርሰኛል።» ቀጥለውም፣ «አንቺም ልጄ ነሽ» አሉኝ።

ባለቤታቸው ቆጮ በጎመን ይዘው መጡ። ትኩስ ነበር፤ ቅቤው ጣቴ ላይ ይወርዳል። እየበላሁ በበሩ ስንጥቅ የእትዬ ዘይነባ መስገጃ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይታየኝ ነበር። እጄን ታጠብኩና «መጋዘን፤ ሰው አይኖርበትም» ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ዘይነባ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። የነዋሪዎች ስም ዝርዝር እኔ በምሠራበት ቀበሌ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። እኔው ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ ስሜን አሳዪኝ።»

ጣቴን ከላይ እስከ ታች በወረቀቱ ላይ አወረድኩ። «ገና ሌላ ዝርዝር ይወጣል እትዬ» አልኳቸው።

«ይሁን፣ አልሐምዱሊላህ» ብለው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ከዚያም በአራተኛው። ያንኑ ይጠይቁኛል፣ ያንኑ እመልሳለሁ።

ቅሬታ የሚሰማበት ክፍል ከእኔ ጠረጴዛ ሃያ እርምጃ አይርቅም። አሥራ አምስት ቀን ክፍት ነበር። ተሳስቼ ነው የመዘገብኩት ብል ይበቃ ነበር። ሁለት ጊዜ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ፣ ከሥራዬ ይልቅ ደግሞ የጋሽ ሱሩርን ዓይን ፈራሁ። ቀኑ አልፎ በሩ ሲቆለፍ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፤ እፎይ ነበር ያልኩት።

አፍራሾቹ የመጡት ጥቅምት ላይ ነው። ዋዜማውን ወቅቱ ያልሆነ ዝናብ ጥሎ ነበር። እትዬ ዘይነባ ዕቃቸውን በእጅ ጋሪ አስጭነው ወደ አውቶቡስ ተራ ሊሄዱ ሲሉ አገኘኋቸው። ልሸሽ ነበር፤ ጠሩኝ።

«ስሜ እንደሌለ አውቄያለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ከወሎ የተመለስኩ ቀን ነው ሱሩር ራሱ የነገረኝ። እያለቀሰ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን ይመላለሱ ነበር?»

«አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ።»

ጋሪ ገፊው እንሂድ አለ። እትዬ ዘይነባ ነጠላቸውን አጣፉና፣ «በይ ደኅና ሁኚ። መንገዱ ያዳልጣል፣ ቀስ እያልሽ ሂጂ» ብለውኝ ከጋሪው ኋላ ተከተሉ።

ከዚያ ወዲህ ከወሎ እህል የሚያመጡ ሾፌሮችን ስጠይቅ ኖርኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዱ፣ ከሚሴ አካባቢ የእህታቸው ልጅ ቤት ሳሉ ሞተዋል አለኝ። ጋሽ ሱሩርም ሰፊውን ቤታቸውን አግኝተው ዳር ከተማ ገቡ፤ እስኪሞቱ ድረስ ስንገናኝ ሁለታችንም መሬት መሬት ነበር የምናየው። እኔ የሞተ ሰው ይታየኛል የምል ሴት አይደለሁም። ነገር ግን ስንት ጊዜ ገበያ መሐል፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ጆንያ የታቀፈች ሴት አይቼ ሥራዬን ጥዬ ተከትያለሁ። ቀድሜ ዞሬ ፊቷን ሳይ ሌላ ሰው ናት። የልጆቼ ፈተና ውጤት ተለጥፎ ሳነብ እንኳ ከኋላዬ አንድ ሰው ቆሞ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኛል፤ ዞር ብዬ ሳላረጋግጥ አልሄድም።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ለቤዛ ነገርኳት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፤ ባለቤቴም ሳይሰማው ነው የሞተው። ከተማው ፎቅ በመሥራቱ ቅር አይለኝም። የድሮው ሰፈር ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ በአንድ መፀዳጃ አርባ ሰው ይሰለፍ ነበር፤ ቤዛ እንዲህ ያለ ብርሃን የሚገባበት ቤት በማግኘቷ ደስ ብሎኛል። ግን ደስታዬና ያቺ ክፍል አንድ ቦታ ላይ ናቸው፤ አንዱን ሳይ ሌላውን አለማየት አልችልም።

ቤዛ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ፣ «አክስቴ፣ ያኔ እኮ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ።

ልታጽናናኝ ብላ ነው፤ አልከፋኝም። «ልጅስ አልነበርኩም» አልኳት። «ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ማንበብም መጻፍም እችል ነበር።»