ይሰማኛል ብዬ የሞላሁት ቅጽ

መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው። ሕመም አልነበረም።

ወሰን አካባቢ፣ ከባለቤቴ ከነስሩ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መጠገኛ ሱቅ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ በኤሌክትሪክ በሚግል ቀጭን ብረት የዋንዛ ጣውላ ላይ የአንዲት ሴት ፊት እያቃጠልኩ እሥል ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው። ማንም አላስተማረኝም። ነስሩ ሽቦ የሚበይድበትን ብረት ለአንድ ቀን ብዬ ተውሼው፣ ሳልመልስለት ዓመታት አለፉ። የዋንዛን ጭስ ለይቼ አውቀዋለሁ፤ ደስ የሚል ሽታ አለው። የዚያን ቀን ግን የተለበለበ ፀጉር የመሰለ ሌላ ሽታ መጣ። ጎረቤት ዶሮ የሚለበልብ መስሎኝ በመስኮት አየሁ። ማንም የለም። ወደ ሥራዬ ዝቅ ስል የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ብረቱ ላይ ተጋድማለች። ቆዳዋ ነጭ ሆኗል።

ምንም አልተሰማኝም።

ይህን የምጽፈው "አላመመኝም እኮ" ብላችሁ ለተቀመጣችሁ ነው። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ምልክት አልነበረም ብል ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታህል የነጣች ቦታ ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። አታሳክክም፣ አታምም። ቋቁቻ ነው ብዬ ቅባት ገዛሁ። ቅባቱ አለቀ፣ ሌላ ገዛሁ። የነጣችው ቦታ ግን ሰፋች እንጂ አልጠፋችም።

የጣቴ ቁስል አልደርቅ ሲል ኮተቤ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ቁስሉን ያጠቡልኝ ሸምገል ያሉ ነርስ ነበሩ። ያምሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አያመኝም፣ እኔ ጠንካራ ነኝ አልኳቸው፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብዬ። ጥጡን አስቀመጡት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ክር በነካኝ ቁጥር የነካኝን ቦታ በግራ ጣቴ እንዳመለክት ነገሩኝ። ጨፍኜ ጠበቅሁ። ከውጭ የሚኒባስ ረዳት "መገናኛ፣ መገናኛ" ይላል። ብጠብቅ ምንም የለም።

"ይጀምሩ እንጂ" አልኳቸው።

"ጨርሻለሁ ልጄ" አሉኝ።

ከዚያ ወደ ሆስፒታል ላኩኝ። የቆዳ ሐኪሟ ክርኔን ከኋላ በኩል ጫን ስታደርገው ከወንበሩ ተነሣሁ፤ እዚያ ጋ ስሜት ነበረኝ። ኡልናር የሚባለው፣ ወደ ትንሿ ጣት የሚወርደው ነርቭ እንደ ገመድ ወፍሯል አለች። ከጆሮዬ ጫፍ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ በሩን ራሷ ዘጋችው።

"የሥጋ ደዌ ነው። ይድናል። መድኃኒቱን ከጀመርሽ ለሰው አታስተላልፊም። እኔ የምፈራልሽ ነርቩን ነው፤ እሱ አይጠብቅሽም።"

እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። እኛ ሰፈር ያ ቃል የበሽታ ስም ብቻ አልነበረም። ሰው ሲራገም የሚጠራው፣ ልጅ እንዳይደግመው አፉን የሚመታበት ቃል ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ልብሴን እንዳትነካ ጥግ ይዤ ነው የሄድኩት።

ነስሩ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። በማግሥቱ ራሱንም ልጆቻችንንም አስመረመረ፤ ሁሉም ነፃ ነበሩ። ምሳ ሲቀርብ እንደ ወትሮው ከአንድ ትሪ በላ። ፈልጎ ከፊት ለፊቴ እንደቆረሰ አይቻለሁ። "ለእናቴ ግን አንንገራት" አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። ጥፋቱን የጀመርነው ሁለታችንም ነን።

መድኃኒቶቹን በስማቸው ልንገራችሁ፤ ስታዩአቸው እንዳትደነግጡ። ሪፋምፒሲን በወር አንድ ጊዜ፣ ነርስ ፊት የሚዋጥ ነው፤ ሽንት ያቀላል። ዳፕሶን በየቀኑ። ክሎፋዚሚን በየቀኑ፤ ፊትን ያጠቁራል። ለነርቩ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን፣ መጠኑ በየሁለት ሳምንቱ እየቀነሰ የሚሄድ። ሐኪሟ ይህንን የመጨረሻውን በድንገት እንዳላቆም ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ።

በሁለተኛው ወር ረመዳን ገባ። አማቴ እማማ ሐሊማ ጾሙን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ መጡ። የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ሃይማኖታችን ይፈቅዳል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ካፈጠርኩ ግን ምን ሆንሽ እባላለሁ። ሐኪሟ እንክብሉን ሳይነጋ በሚበላው በሱሑር ከምግብ ጋር መዋጥ እንደምችልም ነግራኝ ነበር። እማማ ሐሊማ ደግሞ በሱሑር ከእኔ ቀድመው ይነሣሉ፤ ዓይናቸው ከእጄ አይነቀልም። ፊቴ መጥቆሩን አይተው "ይቺ ልጅ ፀሐይ ነው ወይስ ቅናት ያከሰላት?" ብለው ቀልደውብኛል። እንክብሎቹን ከጣውላዎቼ ሥር ሸሸግኳቸው፤ መዋጥም አቆምኩ። ሰው እንዳይጠይቀኝ ጾምኩ። አላህ የማይፈልገውን ጾም።

አሥራ ዘጠኝ ቀን።

ከዚያ ክርኔን ጀመረኝ። እንደ ኤሌክትሪክ ነው። ጠዋት ይመታል፣ ማታ ይመታል። ነስሩን አልነገርኩትም። በሃያኛው ቀን ለአፍጥር ውሃ ስቀዳ ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ። እጄን አየሁት። ሁለቱ ጣቶች ታጥፈዋል። እንዲዘረጉ አዘዝኳቸው። አልሰሙኝም።

ሐኪሟ አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የመድኃኒት መያዣዬን ቆጠረችና "የጠፋው በሙሉ አይመለስም" አለችኝ።

መድኃኒቱን እንደገና ጀመርኩ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳልዘል፣ እማማ ሐሊማ ወደ ሌላው ልጃቸው ቤት ከሄዱ በኋላ በነፃነት፣ ጠዋት ጠዋት በነስሩ ፊት እየዋጥኩ ጨረስኩ። ሸምገል ያሉት ነርስ ስሜን ከመዝገቡ ሲሰርዙ እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "ከእንግዲህ በሽተኛ አይደለሽም" አሉኝ። በሽታው ሄዷል። ሁለቱ ጣቶቼ ግን እንደታጠፉ ቀሩ፤ የመዳፌም አንድ ጠርዝ እስከ አንጓዬ ድረስ የእኔ አልመስለኝ አለ። ብረቱን መጨበጥ አቃተኝ። ጣውላዎቹ አቧራ ጠጡ።

አንድ ቀን ነስሩ የደንበኛ ሬዲዮ ሲሞክር ማስታወቂያ ሰማን። አንድ ድርጅት አካል ጉዳት ያለባቸውን አርቲስቶች አወዳድሮ የመሥሪያ ቦታ፣ ለእያንዳንዱ ጉዳት የሚስማማ መሣሪያ፣ የስድስት ወር ድጎማና በመጨረሻ ዐውደ ርዕይ ይሰጣል። እኔ አካል ጉዳተኛ አይደለሁም አልኩ። ነስሩ እጄን አየና ድምፁን ከፍ አደረገው።

ቅጹ ላይ "የጉዳቱ ምክንያት" የሚል መስመር ነበር። ቃጠሎ ብዬ ጻፍኩ። ሙሉ ውሸት እንኳ አይደለም ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሐኪሟን ለምኜ ከቅጹ ጋር የሚያያዘው የሕክምና ምስክር ወረቀት ላይ የቀኝ እጅ ድክመት ብቻ ተጻፈልኝ። "የበሽታሽ ስም የአንቺ ነው፤ ካልፈለግሽ አትናገሪው" አለችኝ። "ስሜት እንደሌለሽ ግን መሣሪያ ለሚሠራልሽ ሰው ንገሪ።" እነግራለሁ አልኳት።

ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ አስተባባሪዋ ሰላማዊት ነበረች፤ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት። ከጎኗ መሣሪያዎቹን የሚሠራው ባለሙያ ተቀምጧል። እጄን አገላብጦ አየና የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሙቀት ይሰማሻል?"

አይሰማኝም ብል ቀጥሎ የሚመጣውን አውቃለሁ። ለምን? ከመቼ ጀምሮ? ያ ቃል ይመጣል። ድጋፉ ይቀራል፤ ብረቱም ከእጄ ይወጣል።

"ይሰማኛል" አልኩ፤ ቅጹም ላይ እንዲሁ ሞላሁ።

አለፍኩ። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ መሐል ያለ ቤት ውስጥ የራሴ ክፍልና የራሴ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ባለሙያው ብረቱን ከመዳፌ ጋር የሚያስር የቆዳ ማሰሪያ ሠራልኝ፤ ጣቶቼ ባይጨብጡም እጄ እንዲሥል። የጋለው ክፍል ከማሰሪያው ቅርብ ነበር። ሙቀት ለሚሰማው ሰው ምንም ማለት አይደለም፤ ሲበዛበት ፈታ አድርጎ ያርፋል። መሣሪያው የተሠራው ነኝ ላልኳት ሴት እንጂ ለእኔ አልነበረም።

እንደዚያን ጊዜ ሠርቼ አላውቅም። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ፣ ዛፎቹ ሲንሿሹ እየሰማሁ፣ ቀና ሳልል እውል ነበር። የጣውላው ጭስ ሌላውን ሽታ ሁሉ ይሸፍናል። ዐውደ ርዕዩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማሰሪያው ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ላብ ነው አልኩ። በማግሥቱም እርጥብ ነበር። ጠረግኩትና እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ መልሼ አሰርኩት፤ ማታም ጨርቁን አልፈታሁም።

በአራተኛው ቀን ሰላማዊት ለጉብኝት መጣች። ከበሩ ሳታልፍ ወንበሯን አቆመች።

"ምን ሞቶ ነው እዚህ የሚሸተው?"

ማሰሪያውንም ጨርቁንም ፈታሁ። ትንሿ ጣቴ ጠቁራለች። ከሥሯ እስከ መዳፌ መግል። መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ይታያል።

አጥንት ነበር።

ሆስፒታል ስደርስ ኦስቲዮማይላይትስ አሉት፤ የአጥንት ቁስለት። የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አላባበለኝም። "ዛሬ ጣቷን እንቆርጣለን። አንድ ሳምንት ብትቆዪ ስለ እጅሽ ነበር የምናወራው።" ፈረምኩ። በግራ እጄ።

ስነቃ ሰላማዊት አልጋዬ አጠገብ ነበረች። ያኔ ነገርኳት። ስሙን ጠርቼ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ወንበሯን ወደ ኋላ ትገፋዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልገፋችም። ተቆጣች ግን፤ ዓይኗ ቀላ። ባለሙያው ማሰሪያውን በእጁ የሠራ ሰው ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ነገረችኝ። እኔ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ "የእኔ ወንበር እንኳን ፍሬን አለው፤ አንቺ እንዴት ያለ ፍጥረት ነሽ?" አለችኝ። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ጉዳዬ ለኮሚቴው ቀረበ። ሐሰት የሞላ ድጋፉን ያጣል የሚል ደንብ አለ። ስለ ደንቡ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ተብሎ የዐውደ ርዕዩን ቦታ ነጠቁኝ፤ የመሥሪያ ክፍሉን ግን እውነቱን ጽፌ በአዲስ ቅጽ እንዳመለክት ፈቀዱልኝ። አላጉረመረምኩም። እውነቱን ለባለሙያው ራሴ ነገርኩት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት። አሁን የሠራልኝ ብረት ወፍራም የቡሽ እጀታ አለው፤ በግራ እጅ የሚያዝ ነው፤ ከጋለ በኋላ የተወሰነ ደቂቃ ሲሞላው ራሱ ይጠፋል። በግራ መሣል እንደ ልጅ መንተባተብ ነው፤ ሆኖም ከወራት ልምምድ በኋላ መስመሮቼ መንቀጥቀጣቸውን እየተዉ ነው፤ አንዳንዱ መንቀጥቀጥ ደግሞ የሽማግሌ ፊት ላይ ሲያርፍ በቀኝ እጄ ካደረግሁት ሁሉ የተሻለ ሆኖልኛል። በተከታዩ ዙር ዐውደ ርዕይ ስድስት ጣውላዎች አሳየሁ፤ አራቱ ባለቤት አግኝተዋል።

እማማ ሐሊማ ዳግም እኛ ዘንድ ሲመጡ ለእሳቸውም ነገርናቸው። ሰምተው ሲያበቁ ዕቃቸውን ሰበሰቡ፣ ሄዱ። ለዒድ ስልክ ደውለዋል። ገና አልመጡም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ውሸት ምን እንደሚያስከፍል አይቻለሁ።

ላመሰግን የሚገባኝ ብዙ ነው። በክር የመረመሩኝን ሸምገል ያሉ ነርስ፣ ስሜን ጠብቃ ነርቬንም ልትጠብቅልኝ የለፋችውን ሐኪም፣ ሰላማዊትን፣ ነስሩን አላህ ይጠብቅልኝ። ለእናንተ ደግሞ ምክሬ አጭር ነው። የነጣና ስሜት የሌለው ቦታ ካያችሁ ቅባት አትግዙ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሕክምናው በነፃ ነው። ፕሬድኒሶሎንን ለእንግዳም፣ ለጾምም፣ ለይሉኝታም ብላችሁ አታቋርጡ። የማይሰማችሁን እጅና እግር በየማታው በዓይናችሁ መርምሩ፤ ሕመም የሚሠራውን ሥራ ዓይን ይሥራው። ድጋፍ ስትጠይቁ የበሽታውን ስም መናገር ግዴታችሁ አይደለም፤ ሰውነታችሁ የማይችለውን ግን አትሸሽጉ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጥልፍ የምትጠልፍ የሁለት ልጆች እናት ስለ ድጋፉ ልትጠይቀኝ ወደ ክፍሌ መጣች። ቀኑ ይሞቃል፤ እሷ የቀኝ እጅጌዋን እስከ ጣቶቿ ስባዋለች። መርፌው ከእጇ እየወደቀ እንዳስቸገራት እንደ ዋዛ ነገረችኝና ቅጹ ላይ ምን ብላ እንደምትጽፍ ጠየቀችኝ። ቅጹን ከእጇ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። እጅጌሽን ሰብስቢ አልኳት። ዘወር ብላ በሩን አየች። ከዚያ ሰበሰበችው፤ ክንዷ ላይ ሳንቲም የሚያህል የነጣ ቦታ አለ። አየሁት።

ጤና ጣቢያ ነገ እሄዳለሁ አለችኝ።

ብረቴን ከሶኬቱ ነቀልኩ፣ ሻርፔን ደረብኩ፣ አብረን ወጣን።