የቬንትሌተሩ ማተብ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት መተማ ዮሐንስ ሱቁ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ባለሱቁ ጋሽ ደስታው፣ ቬንትሌተር የሚሰቅለው ሰይድ፣ ከድንበሩ ማዶ ከሱዳኗ ገላባት ካርቶን ጭኖ የመጣ ባለጋሪ፣ እኔ፣ በጀርባዬ ደግሞ የስምንት ወር ልጄ ትዕግስት።

ጋሽ ደስታው ልጂቱን አዩና «ይቺም ትቀጠራለች?» አሉ።

«ተኝታ ነው የምትውለው» አልኋቸው።

ሥራዬ ካርቶን መክፈትና ወለል መጥረግ ነበር። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው።

ያኔ የጣሪያ ቬንትሌተር የሚገጣጠመው መሰላል ላይ ነበር። ሰይድ ብሎኑን በጥርሱ ይዞ ይወጣል፤ ሞተሩን በግራ ትከሻው ደግፎ የሚንጠለጠልበትን ዘንግ በቀኝ እጁ ያስገባል። በሚያዝያ ሙቀት፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ብሎኑ ያመልጠዋል። እኔ ከታች እለቅማለሁ። አንዱን ለመስቀል ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

«ወላሂ እትዬ ዘውዴ፣ ይኼን የሠራ ሰው መሰላል አይቶ አያውቅም» ይለኛል። ሰይድ የወሎ ልጅ ነው። ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ዕድሜው ሠላሳን ያለፈ ሰው ነበር።

ከካርቶኑ የሚወጣውን የአገጣጠም ወረቀት፣ በውጭ አገር ቋንቋ ስለተጻፈ፣ ማናችንም ማንበብ አንችልም። አንድ ቀን ልጄን እያጠባሁ ሥዕሉን ሳየው ዋልሁ።

«ሰውዬው እኮ መሰላል ላይ አይደለም፤ ወለል ላይ ተቀምጧል» አልሁት ለሰይድ።

ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየው። «እኔን ነው ለካ ሲሰቅሉኝ የኖሩት» አለ።

ከዚያ ወዲህ ዘንጉን ከሞተሩ ጋር ሱቅ ውስጥ ማሰር ጀመርሁ። የኤሌክትሪኩን ገመድ በዘንጉ ውስጥ አሳልፌ ጫፉን እልጣለሁ። ብሎኑን አስገብቼ ዳዶውን አጠብቃለሁ። በብሎኑ ጫፍ ባለው ቀዳዳ ባለሁለት እግር ቁልፍ ሽቦ አሾልክና እግሮቹን በፒንሳ ግራና ቀኝ እከፍታለሁ። ዳዶው ቢላላ እንኳ ብሎኑ እንዳይወጣ የሚይዘው ያ ሽቦ ነው። ከዚያ ዘንጉ ላይ ያለው ቆብ ይሸፍነዋል፤ አይታይም። ክንፎቹንም ሦስት ሦስቱን ለየብቻ አስራለሁ። የአንዱ ካርቶን ክንፍ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ክብደቱ ስለማይገጥም ሲዞር ይንገጫገጫል። ለሰይድ የሚቀረው መንጠቆው ላይ ማንጠልጠል፣ ገመዱን ማገናኘትና ክንፎቹን ማሰር ብቻ ሆነ።

ሽቦው እንደተከፈተ ማወቂያ እንዲሆን ዘንጉ ላይ ጥቁር ክር አሰርሁ። ሰይድ አይቶ ሳቀ።

«ማተብ አሰርሽለት? ክርስትና ያነሣሽውም አንቺ ነሽ?»

«አዎ፤ እንዳትነካብኝ።»

«እኔ ማተብ ባላስርም ያንቺን አምናለሁ» አለ።

እውነቱን ነው። ማተብ ያለውን ቆቡን ሳያወርድ ይሰቅል ነበር። በቀን አምስት ስድስት መስቀል ቻለ። ጋሽ ደስታው ለደንበኛ «እኔ ያወጣሁት ዘዴ ነው» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ክር አስራለሁ።

ትዕግስት ስድስት ዓመት ሲሆናት ከጎረቤት ከተማ ከሸሕዲ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አሥራ ሁለት ቬንትሌተር አዘዘ። ዘጠኙን ጨርሼ ሳለ ጎረቤቴ ደወለች። «ልጅሽን ወባ ጥሏታል፤ ትቃዣለች፤ ነይ» አለችኝ። በቀሩት ሦስቱ ላይ ሽቦውን አሾለክሁ። ቶሎ እንዲያልቅልኝ ክሩን ቀድሜ አሰርሁ፤ ቆቡንም ደፋሁ። እግሮቹን ተመልሼ እከፍታለሁ ብዬ ሮጥሁ።

በማግሥቱ ከጤና ጣቢያ ስመለስ ሰይድ አሥራ ሁለቱንም በሚኒባስ ጭኖ ሄዷል። ስልኬን አወጣሁ። ለሰይድ ብደውል ጋሽ ደስታው ይሰማሉ፤ ከተባረርሁ ይህችን ልጅ በምን አሳድጋለሁ? ደግሞም ከፍቻቸው ይሆናል አልሁ። ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ወደቀ። አልጋ ታነጥፍ የነበረች ሴት ትከሻዋ ተሰበረ።

ባለማረፊያው ፖሊስ ይዞ ሱቅ መጣ። ጋሽ ደስታው ሰይድን «ሽቦውን አላየህም?» አሉት።

«ማተብ ነበረው።»

«ሰው ክር አይቶ ይሰቅላል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ እግሩን ሳትከፍቺ አስረሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልሁ። የራሴ ማተብ አንገቴ ላይ ነበር።

ሰይድ ትንሽ አየኝ። «እሷ አላውቅም ካለች ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። ወሰዱት።

እሱ ታስሮ ሳለ፣ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ብዬ ሸሕዲ ሄድሁ። ባለማረፊያውን አስፈቅጄ መሰላል ላይ ወጣሁና የቀሩትን አሥራ አንዱን ሁሉ ቆባቸውን እያወረድሁ አየሁ። የሁለቱ ሽቦ እግሩ እንደተጋጠመ ነበር። በፒንሳ ከፈትኋቸው። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ግን አልሄድሁም። ቤቴ ገባሁ።

ሰይድ በሦስተኛው ቀን ተፈታ፤ ከሥራም ተባረረ። ወደ ገላባት ሲሻገር በሱቁ በኩል አለፈ። ካቻቢቴውን ሰጠኝ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ልጅሽ ተሻላት?»

«ተሻላት።»

«አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሄደ።

በኋላ ማዶ ሱዳን ጦርነት ተነሣ። የሸሹት በድልድዩ ሲገቡ ስንት ቀን ቆሜ ፊት ፊታቸውን አየሁ። ሰይድ ግን አልነበረም።

አሁን ዓይኔ ስለደከመ ሥራውን ትቻለሁ። እናንተ የዛሬ ቬንትሌተር ሠራተኞች ግን እስከ ዛሬ በዚያው መንገድ ትገጣጥማላችሁ፤ ማን እንደጀመረው ሳታውቁ ክሩንም ታስራላችሁ። ክር የሚታሰረው ሽቦው ከተከፈተ በኋላ ነው። የሚሰቅለውም ሰው ክሩን አይመን፤ ቆቡን አውርዶ ይይ።

ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን ነው፤ ግራ ትከሻው ሞተር ከመሸከም ብዛት ዘመም ብሏል። ገላባትም ይሁን ገዳሪፍ፣ ወይም ወሎ ተመልሶ ያየው ካለ፣ የት እንዳለ ንገሩኝ።