ያለቀው ተመልካቹ ነው

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ቢቸና ውስጥ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም ልጃቸው ሆኜ በሌላ ስም ጠርቻቸው አላውቅም። እኔ ደግሞ ለአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ የፊልም ሂስ እጽፋለሁ። ሁለታችንም ሰው የሠራውን እየመዘንን "ሆነ፣ አልሆነም" ስንል ነው የምንኖረው፤ ልዩነቱ እሳቸውን ሰው ይሰማቸዋል።

ዓይናቸው ስለደከመ ጽሑፌ በወጣ ቁጥር እኔው አነብላቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ጨፍነው ያዳምጡና "ሰሙ ደህና ነው፤ ወርቁ የታለ?" ይሉኛል።

"የኔታ፣ ይሄ እኮ ጋዜጣ ነው። ላዩም ውስጡም አንድ ነው።"

"እንግዲያ ለምን ጻፍከው?"

አንድ ተማሪ ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ የሆነ ቅኔ ሲዘርፍላቸው ግን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው "ይበል!" ይላሉ። እኔ አንድም ቀን "ይበል" ተብዬ አላውቅም። ያናድደኛል፣ ምን ልዋሽ! ኋላ ኋላ አኩርፌ ማንበቡንም ተውኩት።

ፊልሞቹን የማየው ሞጣ ነበር። የቢቸናው ቪዲዮ ቤት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሞጣ ግን አንድ አብሮ አደጌ ከመናኸሪያው ጀርባ ቤት ተከራይቶ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ በፍላሽ የሚመጣለትን ሁሉ ያሳያል። መንገዱ ሰላም ነው በተባለ ቀን በሚኒባስ እሄዳለሁ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በውጊያው ሥራ ካቆመ ወዲህ መምህርነቴ ስም ብቻ ስለሆነ ጊዜ ሞልቶኛል።

የለየለት መጥፎ ፊልም አያስቸግርም፤ ሰድበውት ይገላገሉታል። የሚያስቸግረው ግማሹ የሚያምር፣ ግማሹ የሚያሳፍረው ነው። ስለ አንዱ "ሙዚቃው ከተዋናዮቹ ቀድሞ ያለቅሳል" ብዬ ነበር። ስለ ሌላው ደግሞ "የመጀመሪያውን ግማሽ የሠራው ሰው ሁለተኛው ላይ ታሞ ሳይቀር አልቀረም" ብያለሁ። አብሮ አደጌ ጋዜጣው ሲደርሰው ስድቡንም ቢሆን ቆርጦ በሩ ላይ ይለጥፈዋል። "አንተ ስትሰድበው ሰው እውነት ይሆን እንዴ ብሎ ይገባል" ይለኛል።

አንድ ቀን የተኩስ ፊልም አሳየኝ። መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት በሯን ገርበብ አድርጋ ልጇን ስትጠብቅ ያሳያል፤ እውነት ለመናገር አንጀት ይበላል። ከዚያ በኋላ ግን የወንበዴና የፖሊስ ተኩስ ብቻ። በምን እንደተጣሉ እንኳ የሚነግረን የለም። ወገቤን አግዳሚው እያሳመመኝ፣ ሰዓቴን እያየሁ ጨረስኩትና ቤቴ ገብቼ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ሁለቱም ወገን ይተኩሳል፤ ለምን እንደሚተኩስ የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ያለቀው ተመልካቹ ነው።" መሰልቸቴን ነበር የጻፍኩት። የኔታ ይሙቱ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም!

ጋዜጣው ሞጣ ሲደርስ አብሮ አደጌ ቆርጦ መለጠፉ አልበቃ ብሎት ይህንኑ አባባሌን በወፍራም ማርከር ካርቶን ላይ ጻፈና በሩ ላይ ሰቀለው። ማስታወቂያ መሆኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ የሰው ሰላምታ ተለወጠብኝ። ፋርማሲ የሚሠራው ጎረቤቴ፣ ከደቡብ ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፣ የየኔታን የዓይን ጠብታ ሲሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንተ ግን ደፋር ነህ" አለኝ። "በምኑ?" ስለው ወደ በሩ ተመለከተና ሒሳቡን ነገረኝ። ገበያ መሃል የማላውቃቸው አዛውንት ባርኔጣቸውን አንስተው እጅ ነሱኝ። አንዲት ሴት ደግሞ "እግዜር ይጠብቅህ" ብላኝ መልሴን ሳትጠብቅ ፈጥና ሄደች።

ቆይቶ ነው የገባኝ። የቅኔ አገር ነው፤ ያውም የየኔታ ልጅ የጻፈውን ማን እንዳለ ይወስዳል! ያነበበው ሁሉ ሰሙን ገልጦ ወርቅ አግኝቶበታል። ፊልሙ ተረስቶ ሁለቱ ወገን እዚሁ አገራችን የሚዋጉት፣ ተመልካቹም እነሱ ሆነዋል። ማለቁም መሰልቸት መሆኑ ቀርቶ የምር ማለቅ ሆኗል። ደግሜ ሳነበው እኔ ራሴ ፊልሙ አልታይ አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከሞጣ የመጣ ሹፌር በራችንን አንኳኳ። "ያን ባለ ቪዲዮ ቤት ወሰዱት" አለኝ። "ከነካርቶኑ።"

"እነማን?"

"እኔ ምን አውቄ ወንድሜ! ጠመንጃ የያዙ ናቸው። ወርቁን ተናገር እያሉት ነው አሉ።"

የኔታ ሰምተው ኖሮ ምርኩዛቸውን ይዘው ከውስጥ ወጡ። "እኔም እሄዳለሁ" አሉ።

"የኔታ፣ መንገዱ እኮ..."

"ቅኔ ነው ካሉ ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይሂድላቸው።"

ሞጣ ደርሰን ባለ ጠመንጃዎቹ ያሉበትን ጠይቀን ስንሄድ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገቡን። ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው የተቀመጠው ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ለየኔታ ወንበር ሰጠ፤ እኔን እንደቆምኩ ተወኝ።

"ሁለቱ ወገን ያልከው ማንንና ማንን ነው?"

"ወንበዴዎቹንና ፖሊሶቹን።"

"የትኞቹን ወንበዴዎች?"

"የፊልሙን! የፊልሙን ነው እንጂ!"

"ያለቀው ተመልካችስ?"

"እኔ ነኝ። ሰለቸኝ ለማለት ነው።"

ሳቀ። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። "የቅኔ መምህር ልጅ ሰም ብቻ ጻፈ ብለህ ታሞኘኛለህ? ግድ የለም፣ አንተ ባትነግረኝ የለጠፈው ይነግረኛል።"

ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ሳሉን አወቅሁት፤ ፊልም መሃል የሚረብሸኝ የአብሮ አደጌ ሳል ነው።

የኔታ በምርኩዛቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ። "አንብብልኝ" አሉት። ሰውየው አነበበላቸው። "ድገመው" አሉ። ደገመው። ጨፍነው ሲያዳምጡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቅኔ ቤታቸው ውስጥ ካልሆነ እንዲያ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም። አሁን ብድግ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲወጣቸው የተመኘሁት ቃል ያን ጊዜ ከአፋቸው ቢወጣ አብሮ አደጌ አበቃለት።

"ወርቅ የለውም" አሉ የኔታ። "ድሮም ኖሮት አያውቅም። ልጄ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ለቅኔ አልተፈጠረም። ሰም ያልከውም ቢሆን ውሃ ነው።"

ሰውየው ቁጭ ብሎ ብዙ አያቸው። ከዚያ ተነስቶ ጎንበስ አለና ጉልበታቸውን ሳመ። "የኔታ ያሉት ይሁን" ብሎ ካርቶኑን ለሁለት ቀደደው።

አብሮ አደጌን አንድ እግሩን እየጎተተ አወጡልን። ቀና ብሎም አላየኝ። ሚስቱ በር ላይ ስትጠብቅ ውላ ኖሮ እሱን ትታ እኔ ላይ መጣች። "አንተና ፊልምህ!" እያለች ደረቴን ደበደበችኝ። ምን ልበላት? እውነቷን ነው። ቪዲዮ ቤቱ ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

ሚኒባሱ ከሞጣ ሲወጣ ትንፋሼ መለስ አለና ቀልድ አማረኝ። "የኔታ፣ ስድብዎ ዛሬ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመን" አልኳቸው። አልሳቁም።

"ሰውየው ተማሪዬ ነበር" አሉ ደብረ ወርቅን ስናልፍ። "ሲያነብ በድምፁ ነው የለየሁት።"

"ምን ዓይነት ተማሪ?"

"ወርቅ የማያመልጠው።"

እጄን እጃቸው ላይ ጣል አደረግሁ። "ታዲያ ለምን ለቀቀን?" አልኩ።

"እኔን አፍሮ ነው። እኔ ነገ ብሞትስ?"

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብለው "ይበል" አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጓጓሁላት ቃል ናት። ስሰማት ግን መጀመሪያ ያደረግሁት ዞር ብሎ ከኋላችን ማን እንደተቀመጠ ማየት ነበር።