በቁልፍ ስልክ ውስጥ ያለው ድምፅ

በሩን ከፍተው ወደ ውስጥ ሲገፉኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የእህል መጋዘን ስለነበር የከረመ የማሽላ አቧራና የሰው ላብ ተቀላቅሎ ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት የለውም፤ ከቆርቆሮው ሥር ባለች ክፍተት የሰቆጣ ፀሐይ ቀጥና ትገባለች። ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። በኋላ የጭነት መኪና ሹፌር መሆኑን ያወቅኩት አንዱ፣ እግሩን ሰብስቦ ቦታ ለቀቀልኝና «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

የያዙኝ ከተከራየሁት ክፍል፣ ስልኮች ከደረደርኩበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ሥራዬ አፕ መሥራት ነው፤ በወጉ አማርኛ መተግበሪያ የሚሉትን። ያን ጊዜ የምሠራው በድርቅ ወራት የትኛው ምንጭ ውኃ እንዳለው፣ የትኛው እንደነጠፈ ለከብት አርቢዎች የሚናገር ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ሁሉም ሰው በእጁ የያዘው ስልክ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በትልቁ ስልክ ላይ ካርታ ይወጣል። ስክሪኑ ለተሰነጠቀና ሚሞሪው ለሞላ ርካሽ ስልክ ካርታውን ትቼ ሥዕል ብቻ አደረግኩ፤ ሙሉ እንስራ ወይም የተደፋ እንስራ። በፃግብጂና በሰቆጣ ዙሪያ አብዛኛው ሰው ኪስ ውስጥ ያለው ግን ቁልፍ ስልክ ነው። ለእሱ ድምፅ ቀረጽኩ፤ እንደ ዘፈን በሚሞሪ ካርድ የሚጫን፣ በአገሩ ሰው ቋንቋ በኽምጣንጋ የሚናገር።

መርማሪው በማግስቱ ጠዋት ስልኮቹን ፊቴ ደረደራቸው።

«ነገሩ አንድ ከሆነ ለምን የተለያየ መልክ ሰጠኸው?»

«ስልኮቹ ስለሚለያዩ ነው።»

«ካርታው ለማን ነው? ድምፁስ?»

«ለማንም። ስልኩ የቻለውን ነው የምሰጠው።»

ይህ ለእኔ የሥራዬ ሀሁ ነው። ለእሱ ግን አንድን ነገር በየስልኩ እየለዋወጡ ማቅረብ መደበቅ ነበር። የቁልፍ ስልኩን ከፈተው። ድምፁ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገና ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ገደሉን ይዛችሁ ውረዱ፣ ግራሩ ጋ ስትደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉ አለ። ጉሮሮ መጥረጉን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ የቁልፍ ስልክ ድምፅ ማጉያ ደካማ ስለሆነ ሰሚው ጆሮውን ያዘጋጅበታል። መርማሪው ቀድሞ አስተርጉሞት ስለነበር የሚለውን ያውቀዋል።

«ማንን ነው በገደል የምትመሩት?»

«ፍየሎችን።»

«ፍየል ስልክ አይዝም» አለ፤ አልሳቀም። «የማን ድምፅ ነው?»

ድምፁ የአንድ የገጠር ቄስ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ለአገሩ ሰው ይጠቅማል ብዬ ለምኛቸው ነው የቀረጹልኝ። ስማቸውን ብጠራ ማታውኑ ሊይዟቸው ቤታቸው እንደሚሄዱ አወቅኩ።

«የሰው አይደለም። ኮምፒውተር የፈጠረው ነው» አልኩ።

ጥቂት አየኝና «ጥሩ። ነገ ላፕቶፕህን አመጣልሃለሁ፤ ሌላ ነገር ሲናገር ታሰማኛለህ» አለ። ኽምጣንጋ የሚናገርልኝ ማሽን ግን አልነበረኝም።

ወደ ክፍሉ ስመለስ አዲስ ሰዎች ገብተዋል፤ መታወቂያ አልያዛችሁም ተብለው ከመንገድ የተለቀሙ። ከየቤቱ የተላከው ምሳ መሐል ላይ ቀርቧል፤ ማንም እጁን አልሰደደም። በእኛ አገር ቄስ ባለበት ማዕዱ ሳይባረክ አይቆረስም፣ እስር ቤትም ቢሆን። ከጥግ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

ድምፁን የቀረጹልኝ ቄስ ናቸው። ያሰሯቸው ሰዎች ማንን እንደያዙ አያውቁም፤ ዘበኛው ደግሞ በሩ ላይ ቆሟል። ቡራኬው እስኪያልቅ የዘበኛውን ጫማ ብቻ እያየሁ ቆየሁ። ሰዉ መብላት ሲጀምር አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ እባክዎ ድምፅዎን አያሰሙ። ስልኩ ላይ የተናገረውን ሰው እየፈለጉ ነው።»

«የምንጩን ነገር?»

«አዎ።»

«ውኃ አለ ያልሁበት ላይ ታጣ ወይ?»

«አልታጣም።»

«ታዲያ ምን ሁኜ ነው ዝም የምል ልጄ?»

«ለእኔ ብለው» አልኳቸው። «እሽ፣ ላንተ ብየ» አሉ።

እራት ሲመጣ በእጃቸው ብቻ አማተቡበት። ሹፌሩ «ምነው አባ፣ ጉንፋን ነካዎት?» ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዉ በላ፤ ግን ደስ ብሎት አልበላም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። የሚያስል ሰው በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ አያለሁ፤ በሩ ሲንኳኳ ወደ እሳቸው ላለማየት ዓይኔን እጨፍናለሁ።

በማግስቱ ምሳው እንደ ቀረበ መርማሪው ላፕቶፑንና ስልኩን ይዞ ራሱ ገባ። «በል አናግረው» አለ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ኔትወርክ ይፈልጋል ብዬ ብዋሸው ያምነኝ ነበር፤ ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷልና። ግን እኚህ ሰው በእኔ ውሸት እስከ መቼ ዲዳ ሆነው ይቀመጣሉ? ማዕዱም ፊታቸው ነው። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

«የሰው ድምፅ ነው። ማን እንደሆነ ግን አልናገርም» አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ለራሴም የእኔ አልመሰለኝም።

ሳይመልስልኝ የስልኩን ቁልፍ ተጫነ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ከእሳቸው ጋር የተያዙት ሁሉ አወቁት፤ አንድም ሰው ግን ወደ ጥግ አልዞረም። ሹፌሩ ጣሪያውን ያይ ነበር። መርማሪው «ተነሥ፣ ውጣ» አለኝ።

የበሩ ደፍ ላይ ሳለሁ ከኋላዬ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። አባ ቆመው ማዕዱን ይባርካሉ፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ መጀመሪያ በግዕዝ፣ ቀጥሎ በኽምጣንጋ። ልጮህ አማረኝ። መርማሪው ስልኩን እንደያዘ ቆመ። እሳቸው ሳይቸኩሉ ጨረሱ፣ እንጀራውን ቆረሱና የመጀመሪያውን ወደ እሱ ዘረጉለት።

«ድምፁ የኔ ነው» አሉት። «ቄስ ውኃ ያለበትን ቢናገር ምን ነውር አለው?»

እንጀራውን አልተቀበለም። እኔን መልሶ ወደ ውስጥ ገፋኝና በሩን ዘጋው።

«ምነው አባ፣ እሽ ብለውኝ አልነበር?» አልኳቸው።

«አንተ እውነቱን ከተናገርህ እኔ ለማን ብየ ዝም ልበል?» አሉና የዘረጉትን እንጀራ ለእኔ አጎረሱኝ።

ከዚያ ወዲያ ሊወስዷቸው የሚመጡበትን ስንጠብቅ ከረምን። የጫማ ድምፅ ሲቀርብ ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ይላል። አልመጡም። እሳቸውን ቀድመው ለቀቁ፣ እኔን ዘግይተው፤ ለምን እንደያዙንም ለምን እንደለቀቁንም የነገረን የለም።

አፑን አሁን እንደገና እየሠራሁት ነው፤ አዳዲስ ስልኮች መጥተዋል፣ አሮጌው በእነሱ ላይ አይከፈትም። ባለፈው ወደ አባ ሄጄ ድምፃቸው እንዳይታወቅ በኮምፒውተር የለወጥኩትን አሰማኋቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ይኼ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት አባ።»

«እኔ እንዲህ አልናገርም። አምጣው፣ እንደገና ልበለው።»

እንደገና ቀረጹልኝ። በዚህኛው ከምንጮቹ በፊት ስማቸውንና የሚያገለግሉበትን ደብር ተናገሩ። ቤት ገብቼ ያቺን መግቢያ ልቆርጣት ተቀመጥኩ። ዛሬም መኪና ደጄ ላይ ሲቆም ስልኮቹን አልጋ ሥር እከታለሁ፤ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ጣቴን መቁረጫው ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁና ሳልቆርጣት አነሣሁት።

ስማቸውን እዚህ አልጻፍኩትም። በትልቁም በትንሹም፣ በቁልፉም ስልክ ላይ ግን፣ ካርታው ከመውጣቱ ምንጩም ከመጠራቱ በፊት መጀመሪያ የሚሰማው ያ ስም ነው።