ስም የሌለው ደም

የአሳማ ጉንፋን ዓለምን ባዳረሰበት ጊዜ ሲያትል ውስጥ በአንድ የደም ባንክ ደም ቀጂ ነበርኩ።

በዚያ ጥቅምት፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ሕንጻ አንዲት ነፍሰ ጡር ሞተች። ጉንፋኑ ሳምንት እንኳ አላቆያትም፤ በሆዷ ያለውም አልተረፈም። ከቀብር ሳንመለስ ጥፋተኛ ተገኘ። ከሟቿ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን የሚያጸዱ፣ እትዬ የምንላቸው ብቸኛ ሴት ነበሩ። "ከአውሮፕላን ይዘውብን መጡ" ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ያልሰማ ግን አልነበረም።

እትዬ እንደ ደንቡ ምስር ወጥ ሠርተው ለቅሶ ቤት ይዘው ሄዱ። ወንበር ተሰጣቸው። ሲመሻሽ ለቅሶ ቤት የነበሩት ሴቶች ድስቱን በር ላይ አስታቀፏቸው። የታሰረበት ፎጣ እንኳ አልተፈታም። ያን ማታ የእነዚያን ሴቶች ፊት ማየት አስጠላኝ።

በወሩ የደም ባንኩ እዚያው በሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ አልጋ ዘረጋ። በዚያን ሰሞን ከእያንዳንዱ ለጋሽ ደም ትንሽ ተቀንሶ ለሌላ ምርመራ ይላክ ነበር። በሽታው የነካው ሰው፣ ታምሜያለሁ ባይልም፣ ደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ምልክት ይቀራል። በእሱ ወረርሽኙ የት ድረስ እንደሄደ ይታወቃል። ብልቃጡ ላይ ዕድሜና ሰፈር እንጂ ስም አይጻፍም።

እትዬ ከሁሉ ቀድመው መጡ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና "ቅጂ፤ ንጹሕ መሆኔን አይተሽ ንገሪያቸው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ውጤቱ ለሰው አይነገርም። የማን እንደሆነ እኛም አናውቅም።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የምትቀጂው?"

"ብልቃጡ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል።"

"ኦኬ። እንግዲያ ምልክት እሰሪበት።" ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘው ሰጡኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር። ክሩን ተቀበልኩ፤ ዘወር ሲሉ ከጓንቴ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ምን ላድርግ?

ውጤቱ ቆይቶ ተሰማ። በሰፈራችን ምልክቱ የተገኘበት ሰው ብዙ ነበር፤ አብዛኛው መታመሙንም አያውቅም። ማን ለማን እንዳስተላለፈ ፈጣሪ ይወቀው። ደስ አለኝ፤ የሁሉም ከሆነ የእትዬ ብቻ አይደለም ብዬ። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እንኳ እትዬ አጠገብ የሚቀመጥ አልነበረም።

በሙት ዓመቷ፣ ሴቶቹ ሁሉ ባሉበት፣ ለሟቿ እናት አስረዳሁ። "ሳናውቅ ብዙዎቻችንን ይዞናል። ከአውቶቡስ ይሁን ከቤተ ክርስቲያን፣ ከእኔም ሊሆን ይችላል።"

እናትየው አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"እና፣ ለሁላችንም አዳርሳልናለች በይኛ" አሉ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ሳህኔ ላይ ወጥ ጨመረችልኝ።

በዚያው ሳምንት እትዬ ከከተማው ወጣ ወዳለችው ኬንት ለቀቁ። ኪራዩ ረከሰልኝ ብለው ነበር ለሰው የተናገሩት። ዕቃ ሳግዛቸው፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ባለ ክሩ ብልቃጥ እንዴት ሆነ?"

"ንጹሕ ነው፣ እትዬ" አልኩ።

"ነገርሻቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ታዲያ ለምን ሰላም አይሉኝም?"

ፍራሹን በአንድ በኩል አነሳሁ፤ እሳቸውም በሌላው በኩል ያዙ።