ምካሌስ ያየኋቸው በሮች

ቤይሩት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ቆሞ ሰው ገና ፍርስራሹን በሚያነሣበት ጊዜ፣ ቤቷን የምሠራላት ማዳሜ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ያላ፣ ልበሺ፤ ኤግዚቢሽን ልናይ ነው» አለችኝ። ልጇን እንድይዝላት ነበር። ልጅቷ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጉያ አትወርድም።

ቦታው ከቤይሩት ዳር ያለው ምካሌስ ነው፤ ቀድሞ የክር ፋብሪካ ነበር አሉ። ከውጭ ሲያዩት ከጎኑ ካሉት መጋዘኖች አይለይም። ስገባ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጣሪያው እንደ ካቴድራል ሩቅ ነው። ግድግዳውን አልለሰኑትም፤ የማሽኖቹ ዘይት ወለሉ ላይ እንደጠቆረ ነው። ብርሃኑ ከረጃጅም መስኮቶች ይወርዳል።

ሥዕል የጠበቅሁበት ቦታ በር ነው ያየሁት። ከፈረሱ ቤቶች የተለቀሙ ብዙ የእንጨት በሮች፣ ፋብሪካው ዕቃ ያነሣበት በነበረው ሰንሰለት ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ሰው በመካከላቸው ይሹለከለካል። አንዳንዱን ጥይት በሳስቶታል፤ በቀዳዳው ፀሐይ ይገባል። ልጅቷን አቅፌ ዞርኩ፤ ደግሜ ዞርኩ። ከፍርስራሽ እንዲህ ያለ ውበት ይወጣል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ ሰማያዊ በር ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ ታችኛውን ጠርዝ አየሁ።

«ምን አገኘሽ?» አሉኝ አንድ ሽበታም ሰው በዐረብኛ። በሮቹን የሰቀሉት እሳቸው መሆናቸውን አላወቅሁም።

«ይሄን በር ሴት በየቀኑ ታጥበው ነበር፣ ሚስተር» አልኳቸው። «ታቹን ውሃ በልቶታል። እጀታው ዙሪያ ቀለሙ የለቀቀው ከመወልወል ብዛት ነው። የማዳሜን በር እኔም እንዲህ አድርጌዋለሁ።»

ሰውዬው ተንበርክከው በጣታቸው ዳሰሱት። «ወላሂ፣ ዓመት ሙሉ ከዚህ በር ጋር ስውል ያየሁት ጥይቱን ብቻ ነው!» አሉና በዙሪያው ያለውን ሰው እንዲያይ ጠሩ።

ማዳሜ ያጠፋሁ መስሏት እየሮጠች መጣች። «ምን አደረገች?»

«ምንም። ነይ፣ አንቺም ስሚያት» አሉ ሰውዬው።

ደገምኩት። ጠርዙን በጣቴ እያሳየሁ ጨረስኩ። አንዲት ባለ ሉል ሐብል ሴት ጎንበስ ብላ ጠርዙን አየችና «ሜርሲ» አለችኝ።

መኪና ውስጥ ገባን። ማዳሜ «ሌላስ ምን አየሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ሳወራ፣ እሷ ስታዳምጥ፣ ቤቷ ያለበት ሰፈር ፉርን ኤል ሸባክ ደረስን።